የመንገድ ዳር ገበታ፦ የመኪና ማቆሚያን ለምግብ ቤት ስለመስጠት የሚነሳው ክርክር

በከተማ ጎዳና ዳር ለአንድ መኪና ማቆሚያ የሚተወው ቦታ ስፋቱ 2.5 ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ 6 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም 15 ካሬ ሜትር ያህል የሕዝብ መሬት ማለት ነው። በዚህ ቦታ ላይ አንድ መኪና ቆሞ ሊያድርበት ይችላል፤ ወይም ጠረጴዛና ወንበር ተዘርግቶበት አሥር ያህል ሰዎች ራታቸውን ሊበሉበት ይችላሉ። ከ2020 ወዲህ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብዙ ታላላቅ ከተሞች ምክር ቤቶች ከእነዚህ ሁለት አገልግሎቶች የትኛውን እንደሚመርጡ ሲከራከሩ ቆይተዋል። ክርክሩ ከውጭ ሲታይ በባለመኪናና በባለ ምግብ ቤት መካከል የተነሳ የጥቅም ግጭት ይመስላል። ውስጡ ሲመረመር ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም የሁሉም የሆነ መሬት ለአንድ ወገን አገልግሎት ሲሰጥ በማን ውሳኔ፣ በምን ያህል ዋጋና ለምን ያህል ጊዜ ይሰጥ የሚለው ነው። ጥያቄው ከጅምሩ እስከ ሕግ መውጣት ድረስ ያለፈበትን መንገድ ለመከተል ኒውዮርክ ከሌሎች ከተሞች ሁሉ ትመቻለች፤ ምክንያቱም በጥድፊያ የተፈቀደ፣ በሰፊው የተሠራበት፣ በፍርድ ቤት የተሞገተና በመጨረሻም በሕግ የተደነገገ የመንገድ ዳር ገበታ ያለው እዚያ ነው።

በመጋቢት 2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ኒውዮርክን ባጥለቀለቀ ጊዜ የምግብ ቤቶች የውስጥ አገልግሎት በአንድ ጀንበር ተዘጋ፤ ኪራይ ግን መቆጠሩን አላቆመም። በወቅቱ ከንቲባ የነበሩት ቢል ደ ብላዚዮ በአስቸኳይ ትእዛዝ ያቋቋሙት «ክፍት ምግብ ቤቶች» የተሰኘው ፕሮግራም ሰኔ 22 ቀን 2020 ሥራ ሲጀምር፣ ማንኛውም ምግብ ቤት በኢንተርኔት ቅጽ ሞልቶ የተቀመጡትን መስፈርቶች እንደሚያሟላ ራሱ ካረጋገጠ፣ ያለ ክፍያና ያለ ቅድመ ምርመራ በደጁ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ፣ እንዲሁም መኪና በሚቆምበት የመንገድ ጠርዝ ላይ ጠረጴዛ መዘርጋት ቻለ። ከወረርሽኙ በፊት በከተማዋ የእግረኛ መንገድ ላይ ጠረጴዛ የማውጣት ፈቃድ የነበራቸው ቤቶች ከአንድ ሺህ ብዙም የማይዘልሉ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹም በማንሃተን የተሰበሰቡ ነበሩ፤ በአዲሱ ፕሮግራም ግን በየጊዜው የተሳተፉት ከ12 ሺህ በላይ ደረሱ፣ ከዚያ በፊት የደጅ ገበታ አይተው በማያውቁ የኩዊንስ፣ የብሩክሊንና የብሮንክስ ሰፈሮችም ተዳረሰ። የከተማው አስተዳደር ፕሮግራሙ 100 ሺህ የሥራ ቦታዎችን እንዳተረፈ ይገልጻል። ቁጥሩ በየትኛውም መንገድ ቢሰላ፣ በዚያ በጋ ሥራቸውን ሳያጡ የቀሩት የወጥ ቤት ሠራተኞችና አስተናጋጆች በአብዛኛው ስደተኞች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

አስቸኳይ ፈቃድ ግን በባሕርዩ ከቋሚ ፈቃድ ይለያል። አስቸኳይ ፈቃድ የሚሰጠው ሳይፈቀድ ቢቀር የሚደርሰው ጉዳት ግልጽና ከባድ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህም ዝርዝሩ ሳይጣራ፣ ጎረቤት ሳይጠየቅ፣ ዋጋ ሳይተመን ሊሰጥ ይችላል። ቋሚ ፈቃድ ግን ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ በረጋ አእምሮ መመዘንን ይጠይቃል። ደ ብላዚዮ ገና በመስከረም 2020 ፕሮግራሙ ቋሚ እንደሚሆን ሲያስታውቁ ይህ ልዩነት ተድበሰበሰ፤ ለጥቂት ወራት ተብሎ የቆመው ነገር ምንም ዓይነት አዲስ ምዘና ሳይደረግበት ለዓመታት ቀጠለ። በየሰፈሩ የተነሳው ምሬት ከፊሉ የመጣው ከገበታው ሳይሆን ከዚህ አካሄድ ነው። በግሪንዊች ቪሌጅ፣ በኢስት ቪሌጅና በአካባቢው የሚኖሩ ነዋሪዎች ከተማዋ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት (ማለትም አንድ ፕሮጀክት በድምፅ፣ በትራፊክ፣ በንጽሕናና በመሳሰሉት ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ አስቀድሞ የሚመረምር ሕጋዊ ግምገማ) ሳታካሂድ ፕሮግራሙን ልታጸና አይገባም ብለው ከሰሱ። በ2022 አንድ ዳኛ ለነዋሪዎቹ ፈረዱ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ነዋሪዎቹ በሕግ ቢረቱም ያነሱት ጥያቄ ግን ተገቢ ነበር።

የተቃውሞውን ምክንያት ለመረዳት የመንገድ ዳር ገበታ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የመኪናው መንገድ ከእግረኛው መንገድ ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ምግብ ቤቱ በሁለቱ መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት ለመሙላት የእንጨት ወለል ይሠራል፤ ከሚያልፉ መኪናዎች ለመከላከልም በሦስት ወገን አሸዋ፣ አፈር ወይም ውሃ የተሞላ ግንብ መሰል አጥር ያቆማል። ከወለሉ ሥር፣ በእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ፤ ከጠረጴዛ የወደቀ ፍርፋሪ በጣውላው ስንጥቅ አልፎ እዚያ ይከማቻል፣ የመንገድ መጥረጊያ መኪና ሊደርስበት አይችልም፣ ወለሉም የሚነሳ ሆኖ ካልተሠራ በሰው እጅ የሚጠረግበት መንገድ የለም። አይጥ የምትፈልገው መጠለያ፣ ምግብና ውሃ በአንድ ቦታ ተሟልቶ የሚገኘው እንዲህ ባለ ስፍራ ነው። ክረምቱ ሲገባ ብዙዎቹ ባለ ምግብ ቤቶች ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ መስኮትና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨመሩ፤ በዚህም ገበታው ከዳስነት ወደ ቤትነት ተለወጠ። የደጅ ምግብ የተፈቀደው አየር እንደ ልብ ስለሚዘዋወርበት ነበርና፣ አራቱም ጎኑ የተዘጋ ክፍል የፈቃዱን ምክንያት ራሱን አፈረሰ። ከዚያም አንዳንዱ ቤት ተዘግቶ ባለቤቱ ሲሄድ ዳሱ ወና ሆኖ፣ በቀለም ተሞነጫጭሮ፣ ቆሻሻ ተከማችቶበት በጎዳናው ላይ ቀረ፤ ማን ማንሳት እንዳለበትም በግልጽ የተደነገገ ነገር አልነበረም።

የድምፅ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። በኒውዮርክ አሮጌ ሰፈሮች ምድር ቤቱ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት፣ ከዚያ በላይ ያሉት አራትና አምስት ፎቆች መኖሪያ ናቸው፤ ከመንገድ የሚነሳ ሣቅና ጨዋታ በትይዩ ግንቦች መካከል እየተጋጨ ወደ ላይ ይወጣል። ሠላሳ ሰዎች ክፉ ሐሳብ ሳይኖራቸው በመጠነኛ ድምፅ ቢጨዋወቱ እንኳ፣ በማግስቱ በንጋት ለሥራ የሚነሳ ሰው በሁለተኛው ፎቅ ላይ ሊተኛ አይችልም። ይህን አቤቱታ የምቀኝነት ወይም ለውጥን የመጥላት ምልክት አድርገው የሚያጣጥሉ ተከራካሪዎች ነበሩ፤ ተሳስተዋል። የሰው እንቅልፍ ከምግብ ቤቱ ገቢ የሚያንስ ጥቅም አይደለም፤ በየምሽቱ የሚደፈርስ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከዓመት ወደ ዓመት የሚከማች ነው። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው የሚገጥመውም እንደዚሁ ነው። ጠረጴዛው በእግረኛው መንገድም በመኪናው መንገድም ሲዘረጋ፣ አስተናጋጁ በመካከል ሲመላለስ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሲቆም፣ ከቤቱ እስከ መንገድ ማዕዘኑ ድረስ ለማለፍ የሚቀረው ክፍተት ለእርሱ መንኮራኩር አይበቃም፤ አደባባዩን ሕይወት ዘራበት የሚባለው ገበታ ለእርሱ አደባባዩን የዘጋ አጥር ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ገበታው ይነሳ ወደሚል ፍርድ የሚያዘነብል ሊመስል ይችላል። ፍርዱ ፍትሐዊ የሚሆነው ግን ሌላው ወገን፣ ማለትም ቆሞ የሚያድረው መኪና፣ በዚያው ሚዛን ሲመዘን ነው። ብዙ ሰው መኪና በመንገድ ዳር መቆሙን የተፈጥሮ ሥርዓት፣ ምግብ ቤት መግባቱን ደግሞ ወረራ አድርጎ ይመለከታል፤ ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። በኒውዮርክ መኪናን ሌሊት በጎዳና ላይ ማሳደር እስከ 1950 አካባቢ ድረስ ክልክል ነበር፤ መንገድ የመተላለፊያ ስፍራ እንጂ የግል ንብረት ማስቀመጫ አይደለም ተብሎ ይታመን ነበርና። የመኪናው ቁጥር ከሕግ አስከባሪው አቅም በላይ ሲሆን ክልከላው ተነሳ። ዛሬ በከተማዋ መንገዶች ዳር 3 ሚሊዮን ያህል የመኪና ማቆሚያዎች እንዳሉ የሚገመት ሲሆን፣ ከእነዚህ እጅግ የሚበዙት ምንም አይከፈልባቸውም። የመጀመሪያው የፓርኪንግ ቆጣሪ በ1935 በኦክላሆማ ሲቲ የተተከለው አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ቦታ ይዞ ሌላውን ገበያተኛ እንዳያግድ ነበር፤ ይህ ቀላል ሐሳብ ዘጠና ዓመት ሞልቶትም በአብዛኛው ጎዳና አልተሠራበትም።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የላቀ ሥራ የሠሩት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የከተማ ፕላን ፕሮፌሰር የነበሩት ዶናልድ ሹፕ ናቸው። በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ በነጻ የሚሰጥ መኪና ማቆሚያ ዋጋ የሌለው ነገር አይደለም፤ ዋጋውን መኪና የሌለው ሰው ጭምር በቤት ኪራይ፣ በሸቀጥ ዋጋና ቦታ ፍለጋ በሚዞሩ መኪናዎች ጭስ ይከፍለዋል። ሹፕ ያቀረቡት መፍትሔ በየጎዳናው ሁልጊዜ አንድ ወይም ሁለት ክፍት ቦታ እንዲገኝ የሚያደርግ፣ እንደ ሰዓቱና እንደ አካባቢው ከፍና ዝቅ የሚል ክፍያ ማስከፈል፣ ከዚህ የሚገኘውንም ገቢ ለዚያው ጎዳና ማሻሻያ ማዋል ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ በ2005 በዚያች ከተማ «ሪባር» የተባለ የንድፍ ባለሙያዎች ቡድን በአንድ የመኪና ማቆሚያ ቆጣሪ ውስጥ ሳንቲም ከትቶ፣ በተከራየው ቦታ ላይ ለሁለት ሰዓት ሣር አንጥፎ፣ ዛፍና አግዳሚ ወንበር አኑሮ ለአላፊ አግዳሚው ክፍት አደረገው። ሕጉ ለቦታው ክፍያ ይጠይቃል እንጂ በቦታው ላይ የግድ መኪና ይቁም አይልም ከሚል ክርክር የተነሳው ይህ ሥራ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በከተማው ፈቃድ ለሚሠሩ የመንገድ ዳር ማረፊያዎች መነሻ ሆነ። እነዚያ ማረፊያዎች ለማንም ክፍት ነበሩ፤ ለመቀመጥ ቡና መግዛት ግዴታ አልነበረም። የምግብ ቤት ገበታ ከእነርሱ የሚለየው በዚህ ነው፤ የሚቀመጥበት የሚከፍል ብቻ ነውና፣ ከሕዝብ መሬት ላይ ለሚገኘው ትርፍ ባለቤቱ የሚገባውን ክፍያ መክፈል አለበት።

የኒውዮርክ ምክር ቤት ነሐሴ 3 ቀን 2023 ያጸደቀውና በወቅቱ ከንቲባ የነበሩት ኤሪክ አዳምስ የፈረሙበት ሕግ ይህን ክፍያ አስገብቷል። በሕጉ መሠረት ለመንገድ ዳር ገበታ የአራት ዓመት ፈቃድ 1,050 ዶላር ያስከፍላል፤ በዚያ ላይ «የሚሻር ስምምነት» ለሚባለው፣ ማለትም ከተማዋ በፈለገች ጊዜ ልታነሳው ለምትችለው የሕዝብ መሬት መጠቀሚያ መብት፣ እንደ አካባቢው የመሬት ዋጋ በስኩዌር ጫማ ከ5 እስከ 25 ዶላር በየዓመቱ ይከፈላል። የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን ስፋቱ 8 ጫማ፣ ርዝመቱ 40 ጫማ ስለሆነ፣ ሁለት መኪና የሚያቆም 320 ስኩዌር ጫማ ቦታ ውድ በሆኑት የማንሃተን ክፍሎች 8,000 ዶላር፣ ርካሽ በሆኑት ሰፈሮች 1,600 ዶላር ይደርሳል። በዚያው ቦታ ላይ ቆጣሪ በሌለበት ጎዳና የሚቆሙ ሁለት መኪናዎች ምንም ክፍያ አይጠየቁም። ሕጉ የተዘጉ ዳሶችን ከልክሎ ክፍት፣ ቀላልና ተነቃቃይ አሠራርን አዝዟል፤ ከእሳት አደጋ የውሃ መቅጃ ቧንቧና ከእግረኛ ማቋረጫ የሚጠበቀውን ርቀትም ወስኗል። እስከዚህ ድረስ ሕጉ ጥሩ ነው።

ጉድለቱ በወቅቱ ላይ ነው። ምክር ቤቱ የእግረኛ መንገድ ገበታ ዓመቱን ሙሉ እንዲቀጥል ሲፈቅድ፣ በመኪናው መንገድ ላይ ያለው ግን ከሚያዝያ 1 እስከ ኅዳር 29 ብቻ እንዲቆይና በቀሩት አራት ወራት ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ እንዲነሳ ወሰነ። ለዚህ የተሰጡት ምክንያቶች፣ በረዶ ጠራጊ መኪናዎች እንዲያልፉና ጎዳናው እንዲጸዳ፣ ባዶ ዳሶችም እንዳይጣሉ ማድረግ ነበሩ። ምክንያቶቹ ሐሰት ባይሆኑም፣ ሸክሙ የሚወድቅበት ሰው በደንብ የታሰበበት አይመስልም። ወለሉን፣ አጥሩንና ጥላውን በየዓመቱ መንቀል፣ በጭነት መኪና ማጓጓዝ፣ አራት ወር መጋዘን ተከራይቶ ማስቀመጥና በጸደይ መልሶ መትከል፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት በወጪ ዝርዝሩ ውስጥ የሚያስገባው ነገር ነው፤ ባልና ሚስት ለሚያስተዳድሩት፣ በጓሮው የጎመን ሣጥን ማስቀመጫ እንኳ ለሌለው ቤት ግን ገበታውን ለመተው በቂ ምክንያት ነው። በ2024 የማመልከቻው ጊዜ ሲያበቃ ያመለከቱት 3 ሺህ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ለመኪናው መንገድ የጠየቁት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ረጅሙ የማመልከቻ ሂደት፣ የንድፍ ባለሙያ ክፍያና ማስያዣው ገንዘብም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም የክረምቱ ክልከላ ያደረሰው ጉዳት ጎልቶ ይታያል፤ በ2025 እገዳውን ለማንሳት በምክር ቤቱ ረቂቅ የቀረበውም ለዚህ ነው።

ፓሪስም የወቅት ገደብ አላት፤ ልዩነቱ ግን አሠራሩ ላይ ነው። በ2020 የተጀመረውን የመኪና ማቆሚያ ላይ ገበታ ከተማዋ በ2021 ስታጸና፣ ከሚያዝያ 1 እስከ ጥቅምት 31 ብቻ፣ ያውም ከምሽቱ በአራት ሰዓት እንዲዘጋ አድርጋ፣ የፕላስቲክ ጣሪያንና የድምፅ ማጉያ ሙዚቃን ከልክላ ነው። እዚያ ዋናው ጥበቃ የሰዓት ገደቡ ነው፤ ኒውዮርክ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ትፈቅዳለች። የነዋሪውን እንቅልፍ ለመጠበቅ ከተፈለገ፣ በጥር ወር ሰው የማይቀመጥበትን ወለል ከማስነቀል ይልቅ በሐምሌ ምሽት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ማስዘጋት የበለጠ ይጠቅማል። ቦስተን ደግሞ ሌላ መንገድ ሞክራለች። በጠባብ መንገዶቹና በጣሊያን ምግብ ቤቶቹ በሚታወቀው የኖርዝ ኤንድ ሰፈር ላይ ብቻ በ2022 የ7,500 ዶላር ልዩ ክፍያ ጣለች፤ በቀጣዩ ዓመት በሰፈሩ በመኪና ማቆሚያ ላይ መስተንግዶን ከለከለች፤ ባለ ምግብ ቤቶቹም ተለይተን ተበደልን ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ጠባብና የተጨናነቀ ሰፈር የተለየ ደንብ ሊያስፈልገው እንደሚችል አያከራክርም፤ ልዩነቱ በሰፈር ስም ሳይሆን በሚለካ ነገር፣ ለምሳሌ በመንገዱ ስፋትና በአንድ ጎዳና ላይ ባሉት ምግብ ቤቶች ብዛት ላይ ቢመሠረት ኖሮ ግን ቅሬታው ይህን ያህል ባልመረረ ነበር።

የዋሽንግተን ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም በዚያች ከተማ ኢትዮጵያውያን በክርክሩ በሁለቱም ወገን ይገኛሉ። በዘጠነኛ ጎዳናና በዩ ስትሪት አካባቢ ለዓመታት እንጀራና ቡና ሲያቀርቡ የኖሩት ቤቶች ፊታቸው ጠባብ፣ ውስጣቸው ረጅም የሆነ አሮጌ ሕንጻዎች ናቸው፤ አራትና አምስት ሰው ከበው ከአንድ ትሪ የሚመገቡበት ገበታ ደግሞ ከተራ ጠረጴዛ ይልቅ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በደጅ የሚገኝ እያንዳንዱ ሜትር ለእነርሱ ትርጉም አለው። በሌላ በኩል፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በታክሲና በመኪና ማቆሚያ ሥራ ይተዳደራሉ። ለታክሲ ሹፌር የመንገድ ጠርዝ ሰው የሚያወርድበትና የሚጭንበት የሥራ ቦታው ነው፤ በገበታ ከተሞላ፣ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ቅጣት ይቀበላል። ይህ የሚያሳየው በመንገድ ዳር ቦታ ላይ የሚወዳደሩት ገበታና ቆሞ የሚያድር መኪና ብቻ አለመሆናቸውን ነው። ዕቃ የሚያራግፍ የጭነት መኪና፣ ታክሲ፣ አካል ጉዳተኛን የሚያመላልስ ተሽከርካሪ፣ ብስክሌትና አውቶቡስም ድርሻ አላቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ቀኑን ሙሉ ከሚቆመው የግል መኪና ይልቅ ብዙ ሰው ያገለግላሉ።

በዚህ ውስጥ ድምፃቸው እምብዛም ያልተሰማ ሌሎች አሉ፤ የጎዳና ምግብ ሻጮች። ኒውዮርክ በ1983 የምግብ ጋሪ ፈቃዶችን በ3 ሺህ ገደማ ላይ ገድባ፣ ለአርባ ዓመት ያህል በዚያው አቆየች፤ ፈቃድ ፈላጊውም ለዓመታት ተራ ሲጠብቅ ወይም ከባለ ፈቃዱ በስውር በውድ ሲከራይ ኖረ። በ2021 የወጣ ሕግ ለአሥር ዓመት በየዓመቱ 445 አዲስ ፈቃድ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ለባለ ምግብ ቤቶች ከሳምንታት ባልበለጠ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር የመንገድ ዳር ቦታ ሲከፈት፣ በዚያው መንገድ ዳር ጋሪ ገፍቶ ለማደር ለሚጥረው ድሃ ግን ይህ በር አለመከፈቱ አስከፊ አድልዎ ነው። የመንገድ ጠርዝ ለንግድ ይሰጥ ከተባለ፣ መስታወት በርና የተመዘገበ አድራሻ ያለው ብቻ የሚጠቀምበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ለመወሰን የሚቀመጥ ምክር ቤት መጀመሪያ ሊያውቅ የሚገባው ገበያተኛው እንዴት እንደሚመጣ ነው። በ2009 በቶሮንቶ ብሉር ጎዳና ላይ በተደረገ ጥናት፣ ባለ ሱቆች በመኪና የሚመጣውን ደንበኛ ከእውነተኛው ቁጥር በእጅጉ አብዝተው ገምተው ተገኝተዋል፤ በመኪና የሚመጣው ከአሥሩ አንዱ ገደማ ብቻ ነበርና። ግምት በልማድ ስለሚመራ፣ በየጎዳናው ቆሞ መቁጠር ግድ ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ውሳኔው ለመላው ከተማ አንድ ወጥ ሊሆን አይችልም፤ ሰፊ በሆነ የንግድ ጎዳና ገበታው ዓመቱን ሙሉ ይቆይ፤ በጠባብ መኖሪያ ጎዳና በአንድ ግንብ ሥር ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ አይፈቀድ፤ ማታ በአራት ሰዓት ይዘጋ፤ የወለሉ ጣውላ በሰው እጅ የሚነሳ ይሁን፤ በየሳምንቱም እየተነሳ ይጠረግ፤ ፈቃዱ ሲሰጥ ለማፍረሻ የሚሆን ገንዘብ ይያዝ። ክፍያው ለአነስተኛ ቤቶች በየወሩ ተከፋፍሎ ቢሰበሰብ ከአንድ ጊዜ ክፍያ ይልቅ ይቀላል። ከዚያው ጎዳና የሚገኘው ገንዘብ ለዚያው ጎዳና ጽዳት ቢውል፣ በላይኛው ፎቅ ያለው ነዋሪ ከገበታው አንድ ነገር ያገኛል። ከሁሉም በላይ ግን፣ በመንገዱ ማዶ ያለ ክፍያ ለሚቆመው መኪና ሚዛን ሳይወጣለት ለገበታው ብቻ ዋጋ መተመን ፍትሕ አይሆንም፤ ሁለቱም የሕዝብ መሬት ይዘዋልና ሁለቱም ይክፈሉ።

በኒውዮርክ የመጀመሪያዎቹ የአራት ዓመት ፈቃዶች ከ2028 ጀምሮ ይታደሳሉ። እስከዚያ ድረስ ከተማዋ በየሰፈሩ የቀረበውን የድምፅ አቤቱታ፣ ገበታቸውን የነቀሉትንና ሳይመልሱ የቀሩትን ቤቶች ብዛት፣ የሰበሰበችውን ክፍያም በጎዳና በጎዳና ለይታ ለነዋሪው ልታቀርብ ትችላለች፤ የእድሳቱ ውይይትም ሊካሄድ የሚገባው በዚያ መዝገብ ፊት ነው።